ምዕራፍ 7፦ በሙቀት የሚቆጠር ዕድሜ

የቲማቲምን ማሳ የምታወድም አንዲት ትንሽ የእሳት እራት አለች። ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ስንት ቀን ይፈጅባታል? በቤተ ሙከራ የተከታተሏት ተመራማሪዎች ሦስት መልስ አግኝተዋል፦ 76 ቀን፣ 40 ቀን እና 24 ቀን። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ዝርያዋ አንድ ነው፣ የበላችውም ያንኑ የቲማቲም ቅጠል ነው። የተለያየው ያደገችበት ክፍል ሙቀት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል 14 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 20 ዲግሪ ገደማ፣ ሦስተኛው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቅ ነበር።

በምዕራፍ 4 ነፍሳት እንደ ሰው የራሳቸውን ሙቀት ጠብቀው መኖር እንደማይችሉ፣ ገላቸው የአካባቢውን አየር ተከትሎ እንደሚሞቅና እንደሚቀዘቅዝ አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች በዕድሜያቸው አራት መልክ እንደሚይዙ ተመልክተናል። ይህ ምዕራፍ ሁለቱን ነገሮች ያገናኛል። የሚያገናኛቸውም አንድ ሐሳብ ነው፦ የነፍሳት ዕድገት የሚለካው ባለፈው ቀን ብዛት ሳይሆን በተጠራቀመው ሙቀት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። በውስጡ ግን የብዙ ገበሬ ድካም ለምን ከንቱ እንደሚቀር የሚያስረዳ ምሥጢር አለ።

የምዕራፉ ባለታሪክ

ባለሙያዎች ቱታ አብሶሉታ ይሏታል፤ እኛም በአጭሩ ቱታ እንላታለን። የሰውነቷ ርዝመት ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ነው። ክንፎቿን ዘርግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትለካ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። ቀለሟ ብርማ ግራጫ ሲሆን በፊት ክንፎቿ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ክንፏን የነካ ሰው ጣቱ ላይ ብናኝ ይቀርበታል፤ ይህ ብናኝ ባለፈው ምዕራፍ ያየነው፣ የእሳት እራትን ክንፍ የሚያለብሰው ረቂቅ ቅርፊት ነው። አንቴናዎቿ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ጥቁርና ፈዛዛ ቀለም ይፈራረቅባቸዋል። ከአፏ ግራና ቀኝም ወደ ላይ የተቆለመሙ ሁለት ትንንሽ መዳሰሻዎች ወጥተዋል።

የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የድንች የእሳት እራት በጣም ትመስላታለች። ስለዚህ ባለሙያዎች እርግጠኛ መሆን ሲፈልጉ የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ።

ቱታ ቀን ቀን በቅጠሎች መካከል ተደብቃ ትውላለች። የምትንቀሳቀሰው አመሻሽ ላይና ጎሕ ሲቀድ ነው። ክንፍ ካወጣች በኋላ ቅጠል አትበላም፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ትሉ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች እናቲቱን ሳያዩ ነው ልጆቿ ማሳውን የሚጨርሱባቸው።

አራቱ ዕድሜዎች

እንቁላሏ ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ 0.36 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሲጣል የወተት ቀለም ይኖረዋል፣ እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ ሊፈለፈል ሲል ይጠቁራል። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአብዛኛው አንድ በአንድ፣ በተለይ በላይኛዎቹ ለጋ ቅጠሎች ሥር ትጥላለች። አንዲት ሴት በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከዚህም ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን የምትጥለው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጋባች በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት ነው።

ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቅጠሉ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተንከራትቶ ይበሳውና ወደ ውስጥ ይገባል። ቅጠል የላይና የታች ስስ ቆዳ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አረንጓዴ ሥጋ ነው። ትሉ ሁለቱን ቆዳዎች ትቶ ሥጋውን ይበላል። በላዩ ላይ ፈዛዛ፣ ሰፋ ያለና ቅርጽ የለሽ ጠባሳ ይታያል፤ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያየ ሰው በጠባሳው ውስጥ ጥቁር ኩስና ትሉን ራሱን ያገኛል። ቅጠል የምትሰረስር ሌላ ትንሽ ዝንብም አለች፤ የእሷ ዱካ ግን ቀጭንና ጠመዝማዛ መስመር ስለሆነ ለመለየት አያስቸግርም።

ትሉ ሦስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፤ ስለዚህ በአራት የዕድገት ደረጃ ያልፋል። በመጨረሻ 8 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ክሬም፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ሲያድግ ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ይይዛል። ከራሱ በስተኋላ ያለች ጠባብ ጥቁር መስመር መለያው ናት። ቅጠል ብቻም አይበቃውም፤ ለጋውን ጫፍ፣ ግንዱንና ፍሬውን ይበሳል። ፍሬው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከእጀታው ሥር ነው። በዚያ ቀዳዳ በኩል ሻጋታ ይከተልና ፍሬው ይበሰብሳል።

ጠግቦ ሲጨርስ በራሱ ሐር ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ይወርዳል፤ አፈር ውስጥ ይገባና ፑፓ ይሆናል። ፑፓ ማለት ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው ትሉ ሳይበላ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ በተዘጋ ልባስ ውስጥ ሆኖ ክንፍ የሚያበቅልበት ዕድሜ ነው። አንዳንዱ አፈር ሳይፈልግ እዚያው ቅጠሉ ላይ ፑፓ ይሆናል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ወንዱ ለሳምንት ያህል፣ ሴቷ ከ10 እስከ 15 ቀን ይኖራሉ።

አየሩ ሳይለዋወጥ 25 ዲግሪ ቢሆን እንቁላሉ 6 ቀን ገደማ፣ ትሉ 14 ቀን፣ ፑፓው 7 ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ድምሩ 27 ቀን ነው። ክንፍ እስክታወጣ ካለው ዕድሜዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምታሳልፈው እየበላች ነው ማለት ነው።

ሊጡና ትሉ

ሙቀት ዕድገትን እንዴት እንደሚመራ ለመረዳት የእንጀራ ሊጥን እናስብ። አንዲት እናት በቆላ ጤፍ ስታቦካ ሊጡ ቶሎ ይደርስላታል። ያንኑ ጤፍ፣ ያንኑ እርሾና ያንኑ ውኃ ይዛ ደጋ ብትወጣ ግን ተጨማሪ ቀናት መጠበቅ ይኖርባታል። በክረምት ደግሞ እዚያው ደጋ ላይ ይባስ ይዘገያል። የጋገረ ሰው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ሊጡ መድረሱን በቀን ቆጠራ አይወስንም፤ የአየሩን ጠባይ ከግምት ያስገባል፣ ከዚያም ገልጦ ያያል።

በሊጡ ውስጥ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። እነሱም ሆኑ ትሉ ምግብን ወደ ገላ የሚለውጡት ኢንዛይም በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ኢንዛይም በሕይወት ውስጥ የሚካሄደውን ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ረዳት ነው። አየሩ ሲሞቅ በሕዋስ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች በፍጥነት ይንቀሳቀሳሉ፣ ከኢንዛይሞቹ ጋርም ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ ሥራው ይፈጥናል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም ይዘገያል። እኛ ሰዎች ገላችንን 37 ዲግሪ አካባቢ ስለምንጠብቅ በደጋም በቆላም እርግዝና ዘጠኝ ወር ነው። ትሉ ይህ ዕድል የለውም።

ሊጡ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ብርድ ላይ የቆየ ሊጥ አልሞተም፤ ሲሞቅለት ካቆመበት ይቀጥላል። ቱታም 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስትደርስ ዕድገቷን ታቆማለች እንጂ ወዲያው አትሞትም። በቤተ ሙከራ 0 ዲግሪ ላይ ከአንድ ሳምንት በላይ በሕይወት የቆዩ አሉ። ከላይም ወሰን አለ፤ አየሩ ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ኢንዛይሞቹ ይታወካሉ፣ ዕድገቷም ይስተጓጎላል።

ትሉ ከሊጡ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሊጥ መቼ እንደሚበቃው የምትወስነው ጋጋሪዋ ናት። ትሉ ግን የሚያስፈልገው የሙቀት ድምር የታወቀ ነው። ስለዚህ ልንሰላው እንችላለን።

ሙቀትን መደመር

ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬዮሙር እ.ኤ.አ. በ1735 ዕለታዊ ሙቀትን እየደመረ እህል ለመብሰል የሚያስፈልገው ድምር ከዓመት ዓመት እንደሚቀራረብ አስተዋለ። ቴርሞሜትር ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን የተወለደው ይህ ሐሳብ ዛሬም ግብርናን ያገለግላል። መለኪያው የዲግሪ-ቀን ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምረን ለሁለት እናካፍላለን፤ አማካዩን እናገኛለን። ከዚያ ላይ ዕድገት የሚቆምበትን 8 ዲግሪ እንቀንሳለን። የቀረው ያ ቀን ለትሉ ያበረከተው ሙቀት ነው። ለምሳሌ ቀን 30፣ ሌሊት 14 ዲግሪ ቢሆን አማካዩ 22 ነው። 8 ሲቀነስ 14 ይቀራል። ያ ቀን 14 የዲግሪ-ቀን ሰጠ ማለት ነው። በየዕለቱ እንዲህ እየደመርን 460 ገደማ ስንደርስ ቱታ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታለች።

አሁን ወደ መጀመሪያው እንቆቅልሽ እንመለስ። እነዚያን ቁጥሮች ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1998 ጥናታቸውን ያሳተሙ የቺሊ ተመራማሪዎች ናቸው። ትክክለኛ ልኬታቸው በ14 ዲግሪ 76.3 ቀን፣ በ19.7 ዲግሪ 39.8 ቀን፣ በ27.1 ዲግሪ 23.8 ቀን ነበር። ከእያንዳንዱ ሙቀት 8 ቀንሰን በቀኑ እናባዛ። የመጀመሪያው 458፣ ሁለተኛው 466፣ ሦስተኛው 455 ይሰጠናል። በቀን ሲለካ በሦስት እጥፍ የሚራራቀው ዕድሜ በሙቀት ሲለካ አንድ ሆነ። ተፈጥሮ ሥርዓቷን እንዲህ ስታሳይ ማየት ያስደስታል።

ከ460ው ውስጥ እንቁላሉ 104፣ ትሉ 239፣ ፑፓው 117 ያህል ይወስዳሉ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የያዘ ሰው በማሳው ውስጥ ቱታ ዛሬ በየትኛው ዕድሜ ላይ እንዳለች መገመት ይችላል።

ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ

የሀገራችን ገበሬ መሬትን በከፍታና በሙቀት ከፍሎ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ማለቱ ለዚህ ስሌት የተዘጋጀ ይመስላል። 14 ዲግሪ የብርዳማ ደጋ፣ 20 ዲግሪ የወይና ደጋ፣ 27 ዲግሪ የቆላ አማካይ ሙቀት ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ያቺው የእሳት እራት ደጋ ላይ 77 ቀን ገደማ፣ ወይና ደጋ ላይ 38 ቀን፣ ቆላ ላይ 24 ቀን ይፈጅባታል።

ቲማቲም በብዛት የሚመረተው ሞቃት በሆኑ የመስኖ መሬቶች ነው፤ በስምጥ ሸለቆ በመቂና በዝዋይ ዙሪያ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻም እንደሚታየው። አማካይ ሙቀቱ 21 ዲግሪ የሆነ ቦታ እንውሰድ። በየቀኑ 13 የዲግሪ-ቀን ይጠራቀማል፤ በ35 ቀን አንድ ትውልድ ይሞላል። ቱታ ክረምትን ተኝታ የምታሳልፍ ነፍሳት አይደለችም። ምግብና ሙቀት እስካገኘች ድረስ ሳታቋርጥ ትራባለች፤ ስለዚህ በዓመት አሥር ትውልድ ማለት ነው። በደቡብ አሜሪካም በዓመት ከ10 እስከ 12 ትውልድ ተመዝግቧል።

የፍጥነት ልዩነት ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ነበር። ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው፤ እያንዳንዱ ትውልድ የሚቀጥለውን ያባዛልና። አንዲት ሴት ከጣለቻቸው እንቁላሎች 20 ብቻ ለክንፍ በቁ እንበል፤ ከእነሱ ግማሾቹ ሴቶች ቢሆኑ 10 እናቶች ይሆናሉ። ቲማቲም ችግኙ ከተተከለ እስከ መጨረሻው ለቀማ አራት ወር ማሳ ላይ ቢቆይ፣ 14 ዲግሪ በሆነው ቦታ ሙሉ የሚሆነው አንድ ትውልድ ነው። አንዷ እናት 10 ትሆናለች። 21 ዲግሪ በሆነው ቦታ ግን ሦስት ትውልድ ይሞላል፤ አንዷ 10፣ አሥሩ 100፣ መቶው 1,000 ይሆናሉ። የሰባት ዲግሪ ልዩነት መቶ እጥፍ የሆነ ልዩነት ወለደ። ካልተከላከሏት ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን ምርት የምታጠፋው በዚህ ጉልበቷ ነው።

ከአንዲስ እስከ ስምጥ ሸለቆ

ቱታን ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የመዘገባት እንግሊዛዊው መምህር ኤድዋርድ ሜይሪክ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1917 ነበር። ሜይሪክ በሕይወቱ ከ10,000 በላይ ትንንሽ የእሳት እራቶችን የመዘገበ ታታሪ ሰው ነው። የቱታ ናሙና የመጣለት ከፔሩ፣ ከሁዋንካዮ ነበር። ሁዋንካዮ በአንዲስ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ዛሬ የቆላን ማሳ የምታወድመው ቱታ ለዓለም የተዋወቀችው ከብርዳማ ተራራ ነው።

በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በደቡብ አሜሪካ ተሰራጨች። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በስፔን ካስተዮን አውራጃ ተገኘች፤ የዘር ምርመራ ወደዚያ የተሻገረችው ከመካከለኛው ቺሊ መሆኑን ያመለክታል። በ2008 ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ደረሰች። በ2010 ሱዳን፣ በ2012 ኢትዮጵያ፣ በ2014 ሕንድ፣ በ2017 ቻይና መግባቷ ተመዘገበ። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያደረሰችው ጥፋት እጅግ ከባድ ስለነበር ሕዝቡ የቲማቲም ኢቦላ አላት፤ የካዱና ግዛትም በቲማቲም ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ።

ይህን ሁሉ ርቀት በክንፏ ብቻ አልበረረችም። እንቁላል ያለበት ችግኝ፣ ትል የገባበት ፍሬ፣ ፑፓ የተሸሸገበት ሳጥን በመኪና፣ በመርከብና በአውሮፕላን ይሻገራል። ሙቀት እያጠራቀመ የሚጓዝ ፑፓ መንገድ ላይ እያለ ዕድገቱን ይቀጥላል፤ ሳጥኑ ሌላ ከተማ ሲከፈት ክንፍ አውጥቶ ሊገኝ ይችላል። ባዶ ሳጥን ሳይታጠብ ከገበያ ወደ ማሳ መመለስ የሌለበት ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ለምን ይስታል?

ብዙ አምራች በቀን ቆጠራ ይረጫል፤ ሰኞ የረጨ በሚቀጥለው ሰኞ ይደግማል። ቱታ ግን ሰኞን አታውቅም። በረጨበት ቀን ብዙዎቹ እንቁላል ከሆኑ ቅርፊታቸው ይጋርዳቸዋል። ትል ከሆኑ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ናቸው፤ ላይ ላዩን ብቻ የሚቀር መድኃኒት አይደርስባቸውም። ፑፓ ከሆኑ አፈር ውስጥ ናቸው። በጣም የሚጋለጡት ትሉ ከእንቁላል ወጥቶ ቅጠሉን እስኪበሳ ባለው አጭር ጊዜ፣ ከዚያም ገና ለጋ ሳለና ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ሲዛወር ነው።

ይህ ጊዜ በሞቃት ወር ፈጥኖ ይመጣል፣ በብርዳማ ወር ይዘገያል። ባለፈው ወር ውጤት ያመጣ የርጭት ቀን በዚህ ወር ዒላማውን የሚስተው አየሩ ስለተለወጠ ነው። መድኃኒቱ የስታቸው ትሎች ይቀራሉ፤ ገበሬው ደግሞ ይጨምራል፣ ያደባልቃል፣ ወጪውም ጤናውም ይጎዳል።

ሌላ ከባድ መዘዝም አለ። በእያንዳንዱ ርጭት መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ጥቂቶች ይተርፋሉ፣ ይራባሉ፣ ልጆቻቸውም ይቋቋማሉ። በዓመት አሥር ትውልድ ያላት ነፍሳት ይህን ምርጫ በዓመት አሥር ጊዜ ታልፋለች። በዚህ ምክንያት ቱታ ከአንድ በላይ የመድኃኒት ቤተሰብ ተላምዳለች። ዳይአማይድ የሚባሉት በአንጻሩ አዲስ መድኃኒቶች እንኳ በጣሊያኗ ሲሲሊ ደሴትና በግሪክ እንዳላጠፏት እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘግቧል።

ቆጠራው ሥራ ላይ ሲውል

ቆጠራ መነሻ ቀን ይፈልጋል። መነሻውን የምታሳየን ራሷ ቱታ ናት። ሴቷ ወንዱን የምትጠራው ፌሮሞን በሚባል ጠረን ነው። ኬሚስቶች ጠረኑን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለይተው በሰው ሠራሽ መንገድ አዘጋጁት። ዛሬ ይህን ጠረን የያዘ ትንሽ ላስቲክ ውኃ ባለበት ሳህን ወይም በሚያጣብቅ ወጥመድ ላይ ይቀመጣል፤ ወንዶቹ ሴት ያገኙ መስሏቸው ይመጡና ይያዛሉ። ወጥመዱ ማሳውን ብቻውን አያድንም። ትልቁ ጥቅሙ ቱታ መድረሷን መንገሩ ነው።

ወንዶቹ በብዛት የተያዙበትን ቀን አንድ ብለን የዕለቱን ሙቀት እንደምር። ድምሩ 100 አካባቢ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ይፈለፈላሉ። በቀን 14 የዲግሪ-ቀን በሚጠራቀምበት ቦታ ይህ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ሰሞን ላይኛዎቹን ቅጠሎች እያነሱ ማየት፣ ጠባሳ ያለበትን ለቅሞ ማስወገድ፣ ካስፈለገም ለለጋ ትል የሚሠራውን መድኃኒት መርጨት ፍሬ ያለው ሥራ ይሆናል። ቢቲ በሚባለው ባክቴሪያ የሚዘጋጀው መድኃኒት በተለይ የሚሠራው ገና ባላደጉ ትሎች ላይ ስለሆነ ጊዜውን መምታት ለእሱ ሁሉ ነገር ነው።

የተፈጥሮ ጠላቶቿም አሉ። በአውሮፓ የመስታወት ቤቶች ውስጥ እንቁላሏንና ለጋ ትሏን የሚመጥጡ ትንንሽ ነፍሳት ይለቀቃሉ። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ደግሞ በትሉ ገላ ውስጥ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ተርብ ከትውልድ አገሯ ከፔሩ ወደ ኬንያ አምጥቷል። ጅምላ ገዳይ መድኃኒት እነዚህንም አጋሮች ስለሚጨርስ መቼ መርጨት እንደሌለብን ማወቅ መቼ መርጨት እንዳለብን ከማወቅ አያንስም።

ማሳው ከተለቀመ በኋላም ቆጠራው አይቆምም። የተረፈው የቲማቲም ግንድ ማሳ ላይ ከቆየ ትሎቹ እዚያው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ድንች፣ ደበርጃን፣ በየቦዩ ዳር የሚበቅሉት ጥቁር አውጥና አስተናግርም ያስጠልሏታል። እነዚህ ተነቅለው መሬቱ ቢያርፍ አፈር ውስጥ ያሉት ፑፓዎች ክንፍ አውጥተው እንቁላል የሚጥሉበት አጥተው ያልፋሉ። ባለሙያዎች በሁለት ተከታታይ የቲማቲም ተከላዎች መካከል ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ የሚሉት ለዚህ ነው። ብርዳማ በሆነ ቦታ ፑፓው ስለሚዘገይ ዕረፍቱም መርዘም አለበት።

የዚህ ስሌት ወሰንም መታወቅ አለበት። ቅጠል ሥር ያለው ሙቀት የሜትሮሎጂ ጣቢያ ከሚለካው ይለያል፤ የመስታወት ቤት ውስጥ ያለውማ በጣም ይለያል። ሌሊቱ ከ8 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቦታም ቀላሉ አማካይ ያሳስታል። ትውልዶች እየበዙ ሲሄዱ ደግሞ ይደራረባሉ፤ በአንድ ግንድ ላይ እንቁላልም ትልም ፑፓም ይገኛል። ስለዚህ ቆጠራው ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው በወቅቱ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሳይባዛ ነው። አንዷ አሥር ሳትሆን የሚደረግ መከላከል ሺህ ከሆነች በኋላ ከሚደረገው ይቀልላል።

አንድ ዲግሪ ሲጨምር

የዓለም ሙቀት መጨመር ለቱታ ምን ማለት ነው? ስሌቱን አሁን ራሳችን መሥራት እንችላለን። አየሩ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ በዓመት 365 የዲግሪ-ቀን ይጨመራል። አንድ ትውልድ 460 ስለሚፈልግ ይህ የአንድ ትውልድ አራት አምስተኛ ለመሙላት ጥቂት የጎደለው ነው። ጭማሪው ለደጋም ለቆላም እኩል ነው። ትርጉሙ ግን እኩል አይደለም። ከ27 ወደ 28 ዲግሪ ያለፈ ቆላ ላይ ዕድሜዋ ከ24 ወደ 23 ቀን ቢያጥር ለውጡ እምብዛም አይታወቅም። ከ14 ወደ 15 ያለፈ ደጋ ላይ ግን ከ77 ወደ 66 ቀን ያጥራል። በአንድ የምርት ወቅት አንድ ትውልድ ብቻ ይሞላበት የነበረ ከፍታ ሁለት ወደሚሞላበት ይጠጋል። ብርድ እስከ ዛሬ ያለክፍያ ሲጠብቀው የነበረው የደጋ ማሳ ጠባቂውን ቀስ በቀስ ያጣል።

ይህ ሕግ የቱታ ብቻ አይደለም። የበቆሎን ተምች፣ በምዕራፍ 4 ያየነውን የወባ ትንኝ፣ የጎተራን ነቀዝ ሁሉ የሚገዛ ነው። መነሻ ሙቀታቸውና ድምራቸው ይለያያል እንጂ ሁሉም ሙቀት ይቆጥራሉ።

ስለዚህ የዚህ ምዕራፍ ጥሪ ቲማቲም ለሚያመርቱ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለግብርና ባለሙያዎች ነው። በየማኅበሩ ጥላ ሥር ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ አንድ ቴርሞሜትር ይሰቀል፤ አጠገቡ ደብተር ይቀመጥ፤ የጠረን ወጥመድ ማሳ ላይ ይተከል። በየማለዳው ሁለት ቁጥር መጻፍና መደመር ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ሁሉ የሚሠራው ሥራ ነው። የመርጫው ቀን ከዚያ ደብተር ይወሰን።